ወደ ግራ የምትስበው መኪና

ጫማውን አወቀችው።

ከመኪናዋ ሆድ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። ከላይ አሮጌ ግራሶ ጉንጯ ላይ ይንጠባጠባል። በመኪናዋ በር ግርጌና በወለሉ መሃል በምትታየው ቀጭን ብርሃን ውስጥ ሁለት ጫማዎች መጥተው ቆሙ። ጫማዎቹ አዲስ ናቸው፤ አቋቋሙ ግን ያው ነው። ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውስጥ አዙሮ የሚቆም ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ያን ቀን አባቷ አንዲት ቃል ሲለምነው፣ የግቢው ጌታ ልጅ አቀርቅሮ ያያቸው የነበሩት እነዚህኑ እግሮቹን ነው።

«ውሃልክ» አለ ከላይ፣ ቀስ ብሎ።

መፍቻ ቁልፏን የብሎኑ ዳዶ ላይ አስገባችና ያላት ጉልበት እስኪያልቅ ጠመዘዘችው።

ውሃልክ የእናት አባት ስሟ አይደለም። በልጅነቷ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ተጣሞ ካየች፣ እንግድነቷን ረስታ ተነስታ የምታቃና ጉደኛ ስለነበረች አባቷ ያወጣላት ቅጽል ነው። አድጋ፣ በየሰዉ ግቢ እየዞረች አሮጌ መኪና የምታበጅ መካኒክ ስትሆን ቅጽሉ የሙያ ስም ሆኖ ቀረ። መሪ የከበደው፣ ጎማው ባንድ ወገን የሚበላበት፣ መንገድ ላይ መኪናው እንደ ሰካራም የምትዋልልበት ሁሉ «ውሃልክን ጥሩልኝ» ይላል። የዚህ ግቢ ጌታም እንደ ሰዉ ሰምቶ ጠራት። መኪናውን ጋራዥ መስደድ አይወድም፤ «የኔን መኪና የሚነካ እዚሁ ዓይኔ ሥር ይንካት» ባይ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ግን አልጠየቀም።

«አባባ ማን እንደሆንሽ ያውቃሉ?» አለ ጫማው።

«መካኒክ መሆኔን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም።»

«እንድንነጋገር ብትወጪልኝ...»

«ሥራ ላይ ነኝ። ጥርሴን ሲያመኝ እመጣልሃለሁ።»

የጥርስ ሐኪም ሆኗል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውላል፤ የራሱን አፍ የሚያስከፍትለት ሐኪም ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጫማዎቹ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ሄዱ። እሷም ቁልፏን አስቀምጣ፣ ጨለማው ውስጥ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኛች። እነዚያን እግሮች አይታ ልቧ ለምን እንዲህ እንደሚደልቅ ማንም እንዳይጠይቃት ፈራች፤ ከማንም በላይ ደግሞ ራሷ እንዳትጠይቅ።

ያኔ የሾፌሩ ልጅ ነበረች። አባቷ ይህችን መኪና ለብዙ ዓመት ነድቷል። እሷ ከትምህርት መልስ እየመጣች ታጥባት ነበር። ፍቅራቸው የተጀመረው በስፖኪዮ ነው፤ እሷ ከፊት መስታወት ትወለውላለች፣ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ አንድ ገጽ ላይ ያመሻል። ዓይን ለዓይን በዚያች ጠባብ መስታወት ውስጥ ይገናኙና ሁለቱም የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። ቃል የተለዋወጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አላጡም፤ እንጋባለን እስከመባባል ደርሰው ነበር።

አባቷ በእነዚያ ወራት «ጌታዬ፣ መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀምራለች፤ ትታይ» ሲል ሰነበተ። ባለግቢው «መኪናዬ ምንም የላትም» ይለዋል። አንድ ቀን ጠዋት፣ እንግዶች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ መሪዋ ከሾፌሩ እጅ ተነጠቀችና የግቢውን በር የግራ ምሰሶ ገጨችው። ሰው አልተጎዳም። ባለግቢው ግን እንግዶቹ ፊት አፍሮ ነበርና «ጠጥተሃል!» አለ።

አባቷ በሕይወቱ መጠጥ አፉ ያላስገባ ሰው ነው። ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። «ልጄ፣ አንተ አይተሃል። መሪውን አላዞርኩትም። ንገራቸው» አለ።

ልጁ ጫማውን አየ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰካራም የተባለ ሾፌር ሌላ ደጅ አይቀጠርም፤ አባቷ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው መኪና አልነዳም። ባለግቢው የተቦደሰውን ምሰሶ አላስጠገነውም። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየ «ይሄ የሰካራሙ ሾፌሬ ፊርማ ነው» እያለ ይስቅበታል። ውሃልክ ለሥራ የመጣች ቀን ለእሷም ነገራት። እሷም አብራው ሳቀች። አንቱ የምትለው በአፏ ነው፤ በሆዷ አንተ ካለችው ቆይቷል።

ያን ዕለት ባለግቢው መኪናዋን ወደ መጠለያው ራሱ ነድቶ ሲያስገባ ቆማ እጁን አየች። ግራ እጁ ሥራ የለውም፣ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጁ ግን መሪውን ወደ ታች ጨምድዶ ይጎትታል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትመጣለች፣ መሪው ግን ወደ ቀኝ የተጣመመ ነው። ሾፌሩን ካባረረ ወዲህ ለብዙ ዓመት ራሱ ሲነዳት፣ ወደ ግራ ስትስብ እሱ ወደ ቀኝ ሲይዛት፣ እጁ ለምዶታል፤ እሱ ግን አያውቀውም።

«ጋሼ፣ ትስባለች እንዴ?» አለችው።

«ምን ትስባለች! መኪናዬ ምንም የላትም። መሪዋ ከብዶኝ ትከሻዬን አመመኝ ነው ያልኩሽ። የጋብቻችን በዓል ቀን ዘመድ አዝማዱ ፊት እትዬን ይዤ ከዚህ በር እወጣለሁ። እንደ ቅቤ እንድትዞርልኝ እፈልጋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ክፉ ሐሳብ በልቧ የገባው። ማበላሸት አይደለም፤ ማበላሸት ለሥራዋ ስድብ ነው። አሳምራ ትሠራታለች። ልክ ታስገባታለች፣ ቀጥ ታደርጋታለች። እጁ ግን ወደ ቀኝ መጎተቱን አያቆምም። ዘመድ አዝማዱ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀኙን ምሰሶ ራሱ ይገጨዋል። ያኔ ጠጥቶ እንደሆነ ይጠይቁታል።

ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ሥራው ብዙ ቀን ፈጀ። የፊት ጎማዎቹን ክንድ ግራሶ አጠጣች፤ ለዓመታት ደርቆ ሲንቋቋ የነበረው መገጣጠሚያ እንደ ተጠማ ሰው መጠጠው። የመሪውን ሳጥን ከፍታ አሮጌውን ዘይት ደፋች፣ ልል የነበረውን ብሎን ጥቂት ጥቂት እያለች አጠበቀች። በግራ በኩል መኪናዋን ከሚሸከሙት የባሌስትራ ቅጠል ብረቶች አንዱ ተሰብሮ መኪናዋ ወደዚያ ዘንበል ብላ ነበር፤ ቀየረችው። መንጠሩን የሚያበርዱትን ሾኮችም አዲስ አደረገች። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘውን ዘንግ ስትፈታ ግን እጇ ቆመ።

ዘንጉ ታጥፏል። መታጠፉ አዲስ አይደለም፤ ዝገቱ እጥፋቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ ጠቁሯል። አባዬ እውነቱን ነበር። ሁልጊዜም ታውቀዋለች፤ በእጅ ይዞ መዳሰስ ግን ሌላ ነው። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልላ ጥግ አስቀመጠችና ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

ጎማ ማቃናት ሁለት ሰው ይፈልጋል። በመኪናዋ ግራና ቀኝ ክር ይወጠራል፤ ከክሩ እስከ ጎማው ጠርዝ ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም ይለካል። ጎማዎቹ እንደልብ እንዲዞሩ ከሥራቸው ሁለት ሁለት ቆርቆሮ መሃሉ ግራሶ ተቀብቶ ይነጠፋል። የጥርስ ሐኪሙ ሳይጠሩት መጣና የክሩን ጫፍ ያዘ። ነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ነበር።

«ዝቅ አድርግ» አለችው።

ዝቅ አደረገ።

«በዛ። አንተ ደግሞ ዝቅ በል ሲሉህ መሬት ካልገባህ አትረካም።»

ሳቀ። ስቆ ደግሞ እንዳይቆጡት የፈራ ልጅ መሰለ። ክሩ በመሃላቸው ተወጥሮ ይርገበገባል፤ የሚርገበገበው በማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ አስቸገራት።

«ደብዳቤዎቼ ደርሰውሻል?»

«ደርሰውኛል።»

«አነበብሻቸው?»

«አልከፈትኳቸውም። አፍ ያለው ሰው ለምን ይጽፋል?»

ክሩ ላላ። «ያን ቀን... ነገሩ እስኪበርድ ነበር ያሰብኩት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«ነቅዟል» አለችው። ሄዳ ከጥጉ ዘንጉን አነሳችና ጨርቁን ገልጣ እጁ ላይ አኖረችለት። «እየው። ዝገቱን እየው። ይሄ ነው አባዬን ሰካራም ያሰኘው። አንተ ከኋላ ተቀምጠህ አይተሃል።»

ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። እሷ ከማንም ሰው ፊት ይልቅ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ስትጠላው እንኳ የቅንድቡን ዝንባሌ በልቧ ታቃናለች። በቀሏ ለአባቱ ብቻ እንዳልሆነ በዚያች ቅጽበት ገባት። ይህን ሰው እዚያው ወንበር ላይ መልሳ ልታስቀምጠው ትፈልጋለች። ያንኑ ጥያቄ፣ ያንኑ ጫማ።

«የበዓሉ ዕለት» አለችው ድምጿን አለስልሳ፣ «አባትህ ሲወጡ አንተ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለህ። እሺ በለኝ።»

ዓይኑ በራ። «የድሮው ቦታዬ?»

«የድሮው ቦታህ።»

የዋህ! ስፖኪዮውን አስቦ ነው። የይቅርታ ጥሪ መስሎት ጆሮው ድረስ ቀላ። ክሩን መልሶ ወጠረና ዳግመኛ አልተንቀጠቀጠም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ልኬቷን ስታነብ ቁጥሩ በዓይኗ ውስጥ ተድበሰበሰባት፤ በገዛ ተንኮሏ መሃል ልቧ አዘነለት።

ሥራው ባለቀ ቀን ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሽ ነበር። የሾፌርነት ጫማውን። ለምን እንደሚቦርሽ አልጠየቀችውም፤ የራሷ ሐሳብ በዝቶባት ነበር።

«ጨረስሻት?» አላት።

«ጨረስኳት አባዬ። በአንድ ጣት ትዞራለች።»

«ባለቤቷ ለረጅም ጊዜ ነው የነዳት?»

«ለረጅም ጊዜ።»

«እንግዲያ አደራ» አለ ብሩሹን አስቀምጦ። «የቀናች መኪና የለመደ እጅን ታሳስታለች። አጠገቡ ተቀምጠሽ እጁ እስኪፈታ ሳታለማምጂው ቁልፍ አትመልሺ። ሥራሽ ያን ጊዜ ነው የሚያልቅ።»

ይህን ሕግ ሙያውን ሲያስተምራት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደነገራት! «እቀመጣለሁ» አለች።

ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም ነበር። ለእሱ ብዬ ነው፣ ለእሱ ስም ብዬ ነው እያለች ምሳዋን በግድ ዋጠችው።

በበዓሉ ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ዛፎቹ ሥር ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ አክስት አጎቱ፣ የአክስት የአጎት ልጁ፣ ጎረቤቱ ሳይቀር ለብሶ አጊጦ መጥቷል። መኪናዋ ታጥባ ተወልውላ መሃል ቆማለች። ውሃልክ ንጹሕ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቁልፉን በኪሷ ይዛ ከመጠለያው በር ላይ ትጠብቃለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ትንሽ ይቀራታል» እያለች ቁልፉን አልሰጠችም። ፍሬኑን ግን ደጋግማ ፈትሻለች። ቂሟ ለብረት እንጂ ለአጥንት አልነበረም።

ልቧ ትንሽ ወላውሎ ነበር፤ እውነት ለመናገር ጠዋት ስትነሳ ልትነግረው አስባ ነበር። ከዚያ ባለግቢው አንድ እንግዳ እጁን ይዞ ወደ ግራው ምሰሶ ሲወስደው አየች። «ይሄ የሰካራሙ ሾፌሬ ፊርማ ነው!» ሲል፣ ሰዉ ሲስቅ ሰማች። ጥርሷን ነከሰች። ሄዳ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠች።

«ቀለለልኝ?»

«ቀሏል። ቀጥም ብሏል ጋሼ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

የጥርስ ሐኪሙ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ገባና በመስታወቱ በኩል ፈለጋት። እሷ ፊቷን አዞረች። በዕቅዷ መሠረት እናቱ፣ እትዬ፣ ከልጃቸው አጠገብ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሁልጊዜም የሚቀመጡት እዚያ ነው። እትዬ ግን የፊቱን በር ከፈቱ።

«ዕድሜዬን በሙሉ ከኋላ! ዛሬስ አጠገቡ ልቀመጥ እንጂ» አሉና ሰዉን አሳቁት። በቀኝ በኩል፣ በምሰሶው በኩል ተቀመጡ።

ውሃልክ ክው አለች። እትዬ በልጅነቷ እጇን በሞቀ ውሃ ታጥባ እንድትሄድ ያደርጉ የነበሩ፣ ሾፌሩ ሲባረር ኩሽና ገብተው ያለቀሱ ሴት ናቸው። ይውረዱ ልትል አፏን ከፈተች። ሞተሩ ተነሳ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ሁሉ ሰው ወዲያ ያያል፤ አሁን ብትናገር ሁሉ ሰው ወደ እሷ ይዞራል። ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም ይሏታል። አፏን ዘጋችው። ሰው አፉ እንዴት እንደሚለጎም፣ እግሩን እንዴት እንደሚያይ፣ ያን ጊዜ ገባት።

በዚያው ቅጽበት ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ፣ ከዘራ የያዘ ሰው ቆሞ አየች። ያረጀ የሾፌር ኮፍያ፣ የተቦረሸ ጫማ። አባቷ ነበር። ማን እንደጠራው ለመገመት ጊዜ አልነበራትም፤ እትዬ ግን ከመኪናው ውስጥ እጃቸውን አውለበለቡለት።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ውሃልክ የባለግቢውን ቀኝ እጅ አየች፤ እንደ ልማዱ ጨምድዶ ወደ ታች ጎተተ። የመኪናዋ አፍንጫ በታዛዥነት ወደ ቀኝ ዞረ። ሰውዬው ደነገጠ። መኪና ስታስቸግረው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ወደ ቀኝ መሳብ። አብልጦ ሳበ።

«እጅዎን ይልቀቁት ጌታዬ!» አለ አባቷ ከመንገዱ። «ይልቀቁት!»

ፍሬኑ ያዘ። ቢሆንም መብራቱ ምሰሶው ላይ ተከሰከሰ፣ የጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ ተጨማደደ፣ ጡብ ረገፈ።

እትዬ ደረታቸውን ይዘው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አሉ። ከጠረጴዛዎቹ በኩል አንድ ድምፅ «ጠጥቷል እንዴ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ኧረ ዓይኑ ነው፣ ሸምግሏል» አለ።

ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ነውር ቢሆንም ጣማት።

ባለግቢው ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዘመዶቹን አየ፣ የሚያንሾካሹኩትን አየ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። «ልጄ፣ አንተ ከኋላዬ ነበርክ። አይተሃል! መሪውን እንደ ሁልጊዜው ነው የያዝኩት። ወደዚያ አላዞርኩትም። ንገራቸው!»

የጥርስ ሐኪሙ በመስኮቱ በኩል ውሃልክን አያት። ለምን እዚያ ወንበር ላይ እንዳስቀመጠችው ሲገባው ፊቱ ላይ አነበበችው፤ ያ ጠዋት ሙሉ ሲያበራ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። ከዚያ አቀረቀረ። ጫማውን አየ።

አለቀ፣ አለች በልቧ። ከአባቱ ውርደት ያገኘችው ደስታ ሁሉ በአንድ ጊዜ አመድ ሆነ። ያን ያህል ስትጠላው ኖራ፣ እንዲናገር ይህን ያህል ስትጸልይ ራሷን አገኘችው።

በሩ ተከፈተ። ወረደና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እውነትዎን ነው አባባ። እንደ ሁልጊዜው ነው የያዟት። ስህተቱም እሱ ነው» አለ። ድምፁ መጀመሪያ ሰለለ፣ ከዚያ ጠነከረ። «ይህች መኪና ወደ ግራ ስትስብ ኖራለች። እጅዎ ወደ ቀኝ መጎተት ለምዷል። ዛሬ መኪናዋ ቀናች፣ እጅዎ አልቀናም። ያኔም ትስብ ነበር። ሾፌሩ ሲነግርዎት ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን መሪዋ ከእጁ ስትነጠቅ አይቻለሁ። ጠጥቶ አልነበረም። ንገራቸው ሲለኝ እርስዎን ፈርቼ ዝም አልኩ። የታጠፈው ዘንግ ያውና መጠለያው ውስጥ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ይየው።»

ከዘራው መሬቱን እየነካካ ሲመጣ ተሰማ። አባቷ በበሩ ገባ። ባለግቢውን አላየም፣ የሚያፈጠውንም ዘመድ አላየም። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየ፤ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መሪውን በአንድ ጣት ወዲያ ወዲህ አለው። ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን አያት።

«አንቺ ነሽ የሠራሻት?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«አሳምረሻታል» አለ። «አጠገባቸው ተቀምጠሽ ነበር?»

ሁሉም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። መልስ አልጠፋትም፤ ቸኩለውብኝ ነው ማለት ይበቃል። የጥርስ ሐኪሙ ፈጥኖ «እኔ ነኝ ያጣደፍኳት» አለ።

«አንተ ዝም በል» አለችው። «ስንት ዓመት ዘግተኸው ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ለውሸት አትክፈተው።» ወደ አባቷ ዞረች። «አልተቀመጥኩም አባዬ። አውቄ ነው። እጃቸው ወደ ቀኝ እንደሚስብ አይቼ ሳልነግራቸው ቁልፉን ሰጠኋቸው። እትዬ ከፊት ሲቀመጡም አይቼ ዝም አልኩ። እትዬ፣ እርስዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሳቸውን ግን አልጠይቅም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ባለግቢው ይጮሃል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን የገዛ ቀኝ እጁን ያይ ነበር። እጁ ከመሪው ከወረደ በኋላ እንኳ አልተፈታም፤ የማይታይ ነገር እንደጨመደደ ነው። ቀስ ብሎ ወደ አሮጌው ሾፌር ዞረ።

«ወደ ግራ ነበር የሳበችህ?»

«ወደ ግራ ጌታዬ። ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኛል» አለ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ጮክ ብለው» አለች ውሃልክ።

«አንቺ ልጅ!» አለ አባቷ። እሷ ግን ፈቀቅ አላለችም።

ባለግቢው ራሱን ቀና አደረገ። የግራውን ምሰሶ አየ፣ የቀኙን አየ። «ነግሮኛል!» አለ ለዘመዶቹ። «ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። ሰካራም አልነበረም። ዋሽቼ ነው ስሙን ያጠፋሁት።»

አባቷ ኮፍያውን አወለቀና በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ለባለግቢው አንዲት ቃል አልመለሰለትም፤ የጥርስ ሐኪሙን ግን ትከሻውን ነካ አደረገው። ከዚያ ለልጁ «እኔና አንቺ ቤት እንነጋገራለን» አላት። «አሁን ሥራሽን ጨርሺ።»

እትዬ ሳይነገራቸው ወርደው ቦታቸውን ለቀቁላት። «እኔ ከጋሼ ሾፌር ጋር እዚሁ እጫወታለሁ» አሉ። «የዛሬውን በዓል ማን ያቃናው ነበር እሱን ባልጠራው ኖሮ!»

ውሃልክ አጠገቡ ተቀመጠች። የጥርስ ሐኪሙ ግብዣ ሳይጠብቅ ከኋላ ገባ።

«ቀኝ እጅዎን ያላሉ ጋሼ። አይጎትቱ። ጭንዎ ላይ ያድርጉት። እንደሱ። አሁን ቀስ ብለው።»

መኪናዋ ባንድ መብራቷ፣ ቀጥ ብላ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ወጣች። ግራውም ቀኙም እኩል ተቦድሷል፤ ተጣሞ የተሰቀለ ነገር የማትወድ ልጅ በዚህ ፈገግ ማለቷ አልቀረም። መንገዱ ላይ ሲደርሱ እጇን ሰደደችና ስፖኪዮውን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ኧረ እኔ በምን ልይ?» አለ ባለግቢው።

«ለዛሬ ከፊትዎ ያለውን ብቻ ይዩ።»

በጠባቧ መስታወት ውስጥ ያ ፊት መጣ። ዓይኑ አላቀረቀረም። አንድ ጥፋት እንዳለባት፣ እሱም እንዳለበት፣ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ደብዳቤዎቹ አልተከፈቱም» አለችው።

«ነግረሽኛል።»

«አልከፍታቸውም። በአፍህ ትነግረኛለህ።»

«እሺ። ማታ እመጣና...»

«አሁን።»

«አባቴ ፊት?»

«አባትህ ፊት። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምር።»

ባለግቢው አንገቱን ሊያዞር ሲል «መንገዱን ይዩ ጋሼ» አለችው። የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። ከኋላ የጥርስ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዴ ወደ ጫማው አየት አደረገ፣ ተወው፣ ቀና አለ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ውሃልክ ስፖኪዮውን ይዛ፣ ልቧ አባቱ ሳይቀር እስኪሰማው እየደለቀ፣ አዳመጠችው።